ከካኮ እስከ ቀይ አፈር ያወጋሁት ሰው

ጂንካ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ደንበኛ ለመጥራት አይደለም። ሥራዬን ሳታውቁ ታሪኩን ብትሰሙ ከእኔ የባሰ ቂል በምድር ላይ ያለ አይመስላችሁም ብዬ ነው። አውቃችሁትም ቢሆን ብዙ የሚለወጥ ነገር ላይኖር ይችላል።

ፀጉር አስተካካይ ዕድሜውን ሙሉ የሚያወራው መልስ ከማይሰጥ ሰው ጋር ነው። ደንበኛው አንገቱን አስረዝሞ፣ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ተጋድሞ፣ እንኳን ሊመልስልኝ ምራቁን ለመዋጥም ፈርቶ ይቀመጣል። እኔ ታዲያ ከዝናቡ እስከ ኳሱ፣ ከኳሱ እስከ ጎረቤቴ አጥር ድረስ አነሣለሁ፣ እጥላለሁ። እጠይቃለሁ፤ ራሴው እመልሳለሁ፤ በመልሱ ካልተስማማሁ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ስጨርስ ደንበኛው መስታወት አይቶ፣ "ተባረክ" ብሎኝ ይሄዳል። እንግዲህ በዚህ ዓይነት የኖረ ሰው ጨዋታ የሁለት ሰው ነገር መሆኑን ከየት ይማራል? ሚስት እንኳን የለኝም። ያለኝ መስታወት ነው፤ እሱም እኔ ስናገር አብሮኝ ይናገራል እንጂ አስጨርሶኝ አያውቅም።

ዕለቱ የካኮ ገበያ የሚቆምበት ነበር። የእኔ መንገድ ግን ወደ ቱርሚ ነው። እዚያ ትንሽ ሆቴል ያለው ጓደኛዬ ሊያገባ ነውና፣ "ከአንተ በቀር ራሴን ለማንም አልሰጥም" ብሎ አስጠራኝ። መቀሴንና ማሽኔን በቦርሳ ይዤ፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ማልጄ ከጂንካ መናኸሪያ አባዱላ ተሳፈርኩ። አባዱላ እኛ ዘንድ ሚኒባሱ ነው፤ ሰው ከልክ በላይ ሲጭን ሆዱ ይነፋል እንጂ አይሞላም።

አጠገቤ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ወንድ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጁ አንገቱን ችሎ አቁሟል፤ ጥርስ ግን የለውም፤ ፀጉርም የለውም። እንደ ባለሙያ አንድ ጊዜ ራሱን ቃኘሁና የሚሠራ ነገር ስላላገኘሁበት ተውኩት።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ሴትዮዋ፣ "ራበህ እንዴ?" አለች።

ደግ ሰው አጠገብ ተቀመጥኩ ብዬ ደስ አለኝ። ቁርሴን ደህና አድርጌ መብላቴን ነገርኳትና መረቅኳት። ዞር ብላ አየችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እንቅልፍህ መጣ?" አለች። ማታ በጊዜ መተኛቴን አስረዳኋት። "እና ምን ሆንክብኝ ታዲያ?" ስትል ግን ጥያቄው ከልብ ነው ብዬ፣ ቆሞ መሥራት ወገቤን እንዴት እንዳደረገኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። የወገቤ ታሪክ አጋማሽ ላይ ስደርስ ነው ሴትዮዋ አንድም ጊዜ ወደ እኔ እንዳልተናገረች የገባኝ። የምታወራው ከልጁ ጋር ነው።

ሰው ልጁን ማጫወቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ አውቃለሁ። ያልገባኝ አጨዋወቷ ነው። ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። ዝም ያለችው ንግግሯ አልቆ አይደለም፤ አፏን ገርበብ፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ልጁ እግሩን ያወራጫል፣ ከንፈሩን ያሾላል፣ ብዙ ከደከመ በኋላ "እግ" ይላል። "አይደል?" ትለዋለች። ደግሞ ትጠብቃለች። "አግ-ግ" ይላል። "እሱማ ልክ ነህ" ትለዋለች። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም፤ ሌላው ሲናገር አንዱ ዝም። ቃል የማያውቅ ፍጡርና እናቱ እንደ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ተራ እየተሰጣጡ ነገር ሲጨርሱ፣ እኔ መሀል ቁጭ ብዬ በየትኛው በኩል እንደምገባ ጠፋኝ።

ችግሬ ደግሞ ባዶ ቦታ አለመውደዴ ነው። ሰው ሲናገር ዝም ማለት ባልችልም እንኳ እሞክራለሁ፤ ዝምታ ሲገኝ ግን ዝም ማለት በፍጹም አይሆንልኝም። እሷ ለልጁ ብላ የምትከፍተው ቦታ ውስጥ ሁሉ እኔ ዘልዬ እገባለሁ። "ዛሬ ፀሐይዋ ከበደች፣ አይደል?" ትለዋለች፤ "በጣም እንጂ" እላለሁ እኔ። ልጁ ሊናገር የከፈተውን አፍ እንደከፈተ ያየኛል። እሷም ታየኛለች። እኔም አያቸዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን፣ ሁለቱ በየተራቸው እኔ በሁለቱም ተራ፣ ካኮ ደረስን።

ካኮ መንገዱ ራሱ ገበያ ሆኖ ጠበቀን። ሙዝ የተሸከመው፣ ፍየል የሚጎትተው፣ ቅል አንጠልጥሎ መሀል መንገድ ላይ ዘመድ የሚስመው ሁሉ መኪናውን ከበበው። ሾፌሩ ካሳ ወራጆችን ለማውረድ ቆመ። እኔ በዚያ ሰዓት ለሴትዮዋ ጢሙ ግማሽ ተላጭቶ እንቅልፍ ስለወሰደው ደንበኛዬ እየነገርኳት ነበር። ታሪኩ ጥሩ ቦታ ላይ ደርሷል። ሴትዮዋ ተነሣች፤ ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጠች፤ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ በጣቷም ወደ ውጭ አሳየችኝ። እኔ ታሪኬን ሳላቋርጥ ራሴን ነቀነቅኩ። ወረደች።

ምን አለችኝ? እንጃ። ይህን ጥያቄ በዚያ ቀን ብዙ ሰው ጠይቆኛል።

ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን ያምባርቃል። ክፍት በነበረው በእሷ ቦታ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ የያዘ፣ ኮቱ የጠበበው ሰው ገብቶ ተቀመጠ። ረዳቱ "ጎደለ ወይ?" ሲል ሁሉም ግራ ቀኙን አይቶ "ሞልቷል" አለ። እውነትም ሞልቷል፤ ወንበር እንጂ ሰው የሚቆጥር አልነበረም። መኪናው ተነሣ።

አዲሱ ጎረቤቴ ወንጌላዊ ማቴዎስ እንደሚባል፣ ቀይ አፈር ለአገልግሎት እንደሚሄድ ነገረኝ። ልጁን አይቶ ፈገግ አለና "ተባረክ ወንድሜ፤ ቁርጥ አንተን" አለኝ። ልጁን አየሁት። ጥርስ የሌለው ራሰ በራ ነው። ጥርሴ አለ፤ በፀጉሩ በኩል ግን ወደ እሱ እየተጠጋሁ ስለሆነ አልተከራከርኩም። እናትየው ተመልሳ ገብታ ከኋላ ወንበር የሚያውቋት ሰዎች አግኝታ ሄዳ ተቀምጣለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ስለዚህ ግማሽ የተላጨውን ደንበኛ ታሪክ ለወንጌላዊው ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ስጨርስ ልጁን ለእናቱ ላቀብል ዞርኩ።

ኋላ ወንበር ላይ አንድ የአሪ ገበሬ፣ ሁለት የሚያንቀላፉ ወጣቶችና እግሩ የታሰረ ዶሮ ነበሩ። ወደ ፊት አየሁ። ወደ ጎን አየሁ። ከወንበር በታችም አየሁ፤ ለምን እንዳየሁ አትጠይቁኝ።

"እናትየው የለችም" አልኩ።

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መጀመሪያ አፏን የከፈተችው አስቴር የምትባል፣ ፕላስቲክ ዕቃ የምትነግድ የወላይታ ሴት ነበረች፤ ጭኗ ላይ የጀሪካን ክምር ይዛ ከፊቴ ተቀምጣለች። ሚስቴን ገበያ ላይ ጥዬ መምጣቴ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሚስቴ አይደለችም አልኩ። ይህን ስል የባሰውን ነገር ራሴ ላይ እንደጎተትኩ የገባኝ ወንጌላዊው በሐዘን ራሱን ሲነቀንቅ ነው። ሳያገቡ መውለድ ለእግዚአብሔርም ለሰውም ደስ እንደማያሰኝ፣ ግን ሁልጊዜ መመለሻ መንገድ እንዳለ በለሰለሰ ድምፅ ይነግረኝ ጀመር። ልጁም የእኔ አይደለም አልኩ።

አስቴር ጀሪካኖቿን አንድ በአንድ ከጭኗ አውርዳ መሬት አስቀመጠች። "አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ የማንን ልጅ ይዘህ ነው የምትሄደው?" አለችኝ።

አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነው።

ካሳ መኪናውን ዳር አቆመና ሁላችንም ወረድን። ካሳ ነገሩን ረጋ ብሎ ሊይዘው ሞከረ። ሴትዮዋ ስትወርድ ምን አለች? አላውቅም። ስሟ ማነው? አላውቅም። የት ነው የምትሄደው? አላውቅም። ከጂንካ እስከ ካኮ አብረን ስናወራ አልመጣንም ወይ? መጥተናል። እና ምን ስታወራህ ነበር? የወገቤን ነገር ብዬ ልጀምር ስል ካሳ እጁን አነሣና ዝም አሰኘኝ።

ዞረን ካኮ እንመለስ ያሉ ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ካሳ ግን ሴትዮዋ ልጇን ስታጣ ቆማ እንደማትጠብቅ፣ ባገኘችው መኪና ተከትላን እንደምትወጣ፣ እኛ ስንመለስ እሷ ስትመጣ መንገድ ላይ ተላልፈን እንደምንውል ተናገረ። ስልክ ደግሞ እዚያ ቦታ አይሠራም። በዚህ መሀል ወደ ካኮ የሚሄድ ሞተረኛ አገኘንና አስቆምነው። ልጇ የጠፋባት ሴት ካለች፣ ልጁ ደህና መሆኑንና ቀይ አፈር መናኸሪያ እንደምንጠብቃት እንዲነግርልን ለመንነው። እሺ አለ፤ ግን ምን ትመስላለች አለ። ሁሉም ወደ እኔ አየ።

"ሹሩባ ተሠርታለች" አልኩት። "ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለው ላልቷል፤ እንደገና መያዝ አለበት።"

ሞተረኛው ሌላ ምልክት ጠበቀ። ቀሚሷ? አላስተዋልኩም። ቁመቷ? ተቀምጣ ነበር። መልኳ? ይህን ያህል መንገድ ፊቷ ላይ ስናገር የመጣሁባትን ሴት መልኳን ልነግረው አልቻልኩም። ሞተረኛው እያለቀሰች የምትሮጥ ሴት ካገኘሁ እሷ ናት ብሎ ሄደ። ከእኔ ይልቅ እሱ የተሻለ ያውቃት ነበር።

ተመልሰን ስንሳፈር አስቴር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ወንጌላዊው ጠጋ አለች። ሆን ብላ ጥላው ሄዳ ቢሆንስ አለች። ወንጌላዊው እንዲህ ያለ ነገር መስማቱን፣ ችግር ሰውን ብዙ ነገር እንደሚያደርግ ነገራት። ልጁን አየሁት፤ የሸሚዜን ቁልፍ ይዞ ሊነቅል ይታገላል። እናቱ በእያንዳንዱ "እግ" ፊት አፏን ገርበብ አድርጋ እንዴት ትጠብቀው እንደነበር ትዝ አለኝ።

"እንደዚያ የምትጠብቅ ሴት ጥላ አትሄድም" አልኳቸው።

ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ወንጌላዊው ገና ይቀጥላል ብሎ ትንሽ ጠብቆኝ ነበር።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ልጁ ዙሪያውን ቃኘ። የሚፈልገው ፊት እንደሌለ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ለቀቀው። እንደዚያ ያለ ትንሽ ሆድ ውስጥ ያን የሚያህል ድምፅ ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም። አስቴር ወስዳ አቀፈችው፤ ባሰበት። ወንጌላዊው ተቀብሎ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ጸለየለት፤ ጸሎቱ እንደ እኔ ወሬ መቆሚያ አልነበረውምና ልጁ "አሜን" የሚባልበትም ክፍተት አጥቶ ጮኸ። ከሾፌሩ ኋላ አንዲት የበና አሮጊት ተቀምጣ ነበር፤ የማር ቅል በጉልበቶቿ መሀል ይዛለች፤ ፀጉሯ በቅቤና በቀይ አፈር ተሠርቶ እኔ በሙያዬ የማልደርስበት ሥራ ነው። አማርኛ አታውቅም። እሷም ዘረጋችና ተቀበለችው፤ አልሆነም። ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ መለሱት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጩኸቱ በጥቂቱ ቀነሰ። አስቴር ሽታህን ለምዶታል አለች። የፀጉር ቅባት ሽታ ነው።

እንግዲህ ልጅ ማባበል ማውራት ከሆነ ማን ይበልጠኛል ብዬ ጀመርኩ። ደንበኛ ስለሆነብኝ ይሁን እንጃ፣ በ"እርስዎ" ነው የጀመርኩት። እናትዎ አሁን ይመጣሉ፣ አይዘኑ፣ ይህ የሚያዩት ተራራ ነው፣ ያ ደግሞ ላም ነው፣ ላም ወተት ይሰጣል፣ ወተት ግን አሁን የለንም፣ እንዲያውም እኔ በልጅነቴ... እያልኩ ሳላቋርጥ ነጎድኩ። እኔ በፈጠንኩ ቁጥር እሱ ይጨምራል፤ እሱ በጨመረ ቁጥር እኔ እፈጥናለሁ። እንደ ሁለት ሰካራም በአንድ ጊዜ እየጮኽን ስንሄድ፣ በድንገት ምራቄ ወደማይገባበት ገባና ትን አለኝ።

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ድምፅ ከየት ይምጣ። ልጁ ጩኸቱን አቆመ። ፊቴን አየው። አፌ ክፍት ነው፤ ቅንድቤ ትንፋሽ ፍለጋ ግንባሬ ላይ ወጥቷል። ከንፈሩን አሾለ፤ እግሩን አወራጨ።

"እግ" አለኝ።

ትን ካለው ሰው ከዚያ በላይ አይጠበቅምና "እ?" አልኩት። ደግሞም ሳልኩ።

"አግ-ግ" አለኝ።

"እውነት?" አልኩት። እጁን አነሣ፤ አገጬን ያዘ፤ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ነው የሚያወራኝ። ልቤ ሞቀና በደስታ፣ ይኸው ተግባባን አይደል፣ እኔኮ ገና ሲያዩኝ አውቄዋለሁ፣ ልጅ ይወደኛል... ብዬ ልቀጥል ስል ፊቱ ተጨማደደ። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር አንድ እጅ መጥቶ አፌን ግጥም አደረገው። የበናዋ አሮጊት ናት። መዳፏ ማርና ቅቤ ይሸታል። ቃል አልተናገረችም፤ በአገጯ ወደ ልጁ አሳየችኝ። ልጁ "እግ" አለ። አሮጊቷ እጇን አነሣች። "እሱማ ልክ ነህ" አልኩ፤ ሌላ ልጨምር ስል እጇ ተመለሰ። ልጁ ተናገረ። እጇ ተነሣ።

በዚህ ዓይነት፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደቆመ ትራፊክ ፖሊስ አፌን ስትከፍትና ስትዘጋ ብዙ መንገድ ሄድን። እኔ በእሷ ቋንቋ አንድ ቃል አላውቅም፤ እሷም በእኔ፤ ልጁም በማናችንም። ሦስታችን ስንግባባ፣ አማርኛ አጥርተው የሚናገሩት ተሳፋሪዎች ግን መጣላት ጀመሩ።

ጠቡ የመጣው ልጁ ምን አለ በሚለው ነው። አስቴር ጡት ነው ያለው አለች። ወንጌላዊው ድምፁ ወደ "አባ" ያዘነበለ መሆኑን ጠቅሶ ነገሩ መንፈሳዊ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ኋላ የተቀመጠው የአሪ ገበሬ ልጁ የተናገረው ጥርት ባለ አሪኛ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ምን ማለት ነው ሲሉት ግን፣ ቃሉን በደንብ እንዲሰማው ሾፌሩ ፍጥነት ይቀንስ አለ። ካሳም እኮ ቀነሰ። ከፊት ሆኖ በመስታወቱ እያየን፣ ልጁ አንድ ነገር ባለ ቁጥር "ምን አለ?" ይላል። ያለው እስኪደገምለት ልጁ ሌላ ይላል። ሁሉም የሰማውን ሲናገር የማንም አይሰማም፤ ልጁም ይከፋዋል፤ ከዚያ አሮጊቷ ቅሏን በጣቷ ኳ አድርጋ ሁሉንም ትገላምጣለች፤ ጸጥታ ይሆናል። ያን ያህል ሰው ጭኖ ያን ያህል ዝም ያለ አባዱላ በዚያ መንገድ ሄዶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ ልጁ ንግግሩን ገታ አድርጎ አሰበ፤ ፊቱ ቀላ። እኔም የሚለው ከባድ ነገር ነው ብዬ ጠበቅኩት። የተተኮሰው ሸሚዜ ከደረቴ በታች ሞቅ ሲለኝ መልሱ ምን እንደነበር ገባኝ። አስቴር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ከጀሪካኖቿ መሀል ፎጣ ነገር ፈልጋ ሰጠችኝ።

ቀይ አፈር ስንደርስ መናኸሪያው ዳር ዛፍ ሥር ቆምን። ካሳ ጉዞውን ትቶ ጠበቀ፤ መሄድ የነበረባቸውም አልሄዱም። አንድ ፖሊስ የሰዉን መሰብሰብ አይቶ መጣና የልጁን ስም ጠየቀኝ። አላውቅም። ከልጁ ጋር ያለኝን ዝምድና ጠየቀኝ። ምን ልበለው? "እናወራለን" አልኩት። ፖሊሱ ደጋግሞ አየኝ። ከዚያ ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና ከዚያ እንዳልነቃነቅ አዘዘኝ፤ እሱም አጠገቤ ቆመ።

ሰዓቱ አልሄድ አለ። ወንጌላዊው የሚጠብቁት ሰዎች እያሉት መጽሐፉን ከፍቶ ሳያነብ ይመለከታል። አስቴር መንገዱን ታያለች፤ ቅድም ያለችውን መልሳ አልተናገረችውም፤ ሁላችንም ግን እያሰብነው ነበር። ሞተር በመጣ ቁጥር እንነሣለን፤ ከኋላው የተቀመጠ ሰው የሌለበት ሲሆን እንቀመጣለን። ልጁ ከረሃብም ከድካምም ይመስለኛል ወሬውን አሳጥሯል፤ እጄን ይዞ አልፎ አልፎ "እ" ብቻ ይላል። እኔም "እ" እለዋለሁ። አሮጊቷ ከዚያ ወዲያ አፌን መዝጋት አላስፈለጋትም። የምለው አልነበረኝማ።

በመጨረሻ ያ ሞተረኛ ራሱ መጣ። ከኋላው የተቀመጠችው ሴት ሞተሩ ሳይቆም ወረደች፤ ሊጥላት ነበር። አንድ ጫማዋ የለም። ሹሩባዋ ከግራ ጆሮዋ በላይ ፈጽሞ ተፈትቷል። ፖሊሱንም ካሳንም እኔንም እንደ ግንድ አልፋን ልጇን ከእቅፌ ወሰደች። ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ እጁን፣ እግሩን፣ ሆዱን ዳበሰች። እኛ ስድቡን ለመቀበል ተሰልፈን ቆመናል። እሷ ግን መጀመሪያ የተናገረችው ለእሱ ነው።

"ምን አሉህ?" አለችው፤ ድምፅዋ በጩኸት ብዛት ዘግቷል።

ከዚያ ጠበቀችው። እንባዋ እየወረደ፣ ትንፋሿ ሳይመለስላት፣ አፏን ገርበብ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ጠበቀችው። ልጁ ፊቷን ረጅም ጊዜ አየው። አልጮኸም። "እግ" ብሎ ጀመረ። "እ... እውነት?" አለችው። ቀጠለ። "ከዚያስ?" አለችው። ያን ሁሉ መንገድ ያጠራቀመውን ነገር አንድ በአንድ ዘረገፈላት፤ እኛ ምስክር እንደመጣበት ተከሳሽ ዓይናችንን መሬት ተክለን አዳመጥን። ፖሊሱ ሳይቀር ኮፍያውን አወለቀ።

ጨርሶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረች።

እህቷ ካኮ መንገድ ዳር የልጁን የሳል ሽሮፕ ይዛ ቆማ ነበር። ያን ተቀብላ ልትመለስ ነው የወረደችው። "ሾፌሩን አስቁምልኝ፤ አሁን መጣሁ" ብላኝ ነበር። "በጆሮህ ነው የነገርኩህ፤ አንተም ራስህን ነቀነቅክልኝ" አለችኝ። መኪናው ሲሄድ ጮኻለች፤ ሮጣለች፤ ገበያው ውስጥ ጫማዋ ወድቋል። ይቅር በይኝ አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚያ በኋላ ምክንያቴን፣ ከምክንያቴ ቀጥሎ ስለ ክላክሱ፣ ከክላክሱ ቀጥሎ ስለ ደንበኛዬ እቀጥል ነበር። አሁን ግን ይቅር በይኝ ካልኩ በኋላ ቆምኩ።

እሷም ቆማ ሸሚዜን አየችው። አገጬ ላይ የደረቀውን ምራቅ አየችው። "ልረግምህም አልቻልኩ፣ ልመርቅህም አልቻልኩ" አለችኝ። እኔም ከሁለቱ የትኛው እንደሚገባኝ አላውቅም ነበር።

ቤቷ እዚያው ቀይ አፈር ነው። ሞተረኛውን አመሰገነች፤ ወንጌላዊው ባረካት፤ አስቴር ከጀሪካኖቿ አጠገብ ያስቀመጠችውን አንድ ጥንድ የፕላስቲክ ጫማ በግድ እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። ካሳ ሂዱ ግቡ አለን። እኔ ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ "አግ-ግ" የሚል ሰማሁ።

ዞርኩ። ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ ተጠምዝዞ ወደ እኔ ያያል። አፉ ገርበብ ብሏል፤ ቅንድብ ሊሆን የሚችለው ነገር ከፍ ብሏል። ግራ ገባኝና እናቱን አየሁ።

"መልስለት እንጂ" አለችኝ። "አንተን ነው።"

ካሳ መሪውን ይዞ ይጠብቃል። አስቴር አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ እንዳስገባች ቆማለች። አሮጊቷ ቅሏን አቅፋ በመስኮት ታየኛለች። ምላጭ ይዤ ስንት ሰው ላይ የተናገርኩ ሰው፣ አሁን ጉሮሮዬ ላይ ምንም ሳይኖር አንዲት ቃል አጣሁ። የጠየቀኝ ነገር ካለ አልገባኝም፤ የነገረኝ ከሆነም አልሰማሁም፤ ያዘዘኝ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሆነ እንጃ። ዝም ብዬ ግን መሄድ አልሆነልኝም።

"እሺ" አልኩት።

ድዱን እስከ ጥግ ገልጦ ሳቀብኝና ፊቱን እናቱ አንገት ውስጥ ቀበረ። ነገሩ በዚህ አለቀ ማለት ነው። በምን እንደተስማማን ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።